ክብደት ለመቀነስ ከዘይቱ ጀሪካን ይጀምሩ

ዳይት የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ከማዕዱ የሚያባርረው እንጀራን ነው። ቁርሱን ይተዋል፣ ምሳውን በሰላጣ ይለውጣል፣ ሌሊቱን ሆዱ ሲጮህ ያድራል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ወደ ቀድሞው አበላል ይመለሳል፤ የቀነሰው ኪሎም አብሮት ይመለሳል። ዘመድ ወዳጅ «ሆዱን መቻል አቃተው» ይለዋል፣ እሱም ያምናል። ነገሩን በስሌት ብናየው ግን ጥፋቱ ያለው በተቀነሰው ነገር ምርጫ ላይ ነው። እንጀራ ከግማሽ በላዩ ውሃ ስለሆነ 100 ግራሙ 150 ካሎሪ ገደማ ቢሰጥ ነው። (እዚህ ካሎሪ የምንለው በታሸገ ምግብ ላይ ኪሎ ካሎሪ ተብሎ የሚጻፈውን ነው።) አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ግን 14 ግራም ብቻ መዝና 120 ካሎሪ ትሰጣለች። ወጥ የሚሠራ ሰው ሳይለካ ለአንድ ሰው ድርሻ የሚያንቆረቁራት ሦስት ማንኪያ ዘይት ከ240 ግራም እንጀራ ጋር እኩል ናት ማለት ነው። እንጀራው ሆድ ይሞላል፤ ዘይቱ መግባቱ እንኳ አይታወቅም። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ሐሳብ አንድ ነው፦ ካሎሪ መቀነስ ያለበት በመጀመሪያ ሆድ ከማይሞላውና ዓይን ከማያየው ነገር ላይ ነው፤ መጠኑም ለወራት ሊዘለቅ የሚችል መሆን አለበት።

«ሰው በሚራብበት አገር ስለ ውፍረት ማውራት ነውር አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች የከሱ፣ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ፤ የአንዱ መኖር ሌላውን አያስቀረውም። ወደ እስራኤል በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ስኳር በሽታ ሲገቡ ብርቅ እንደነበረ፣ በአዲሱ ምግብና ኑሮ ውስጥ ዓመታት ሲያልፉ ግን እጅግ እንደጨመረ መዝግበዋል። በደማችን ውስጥ ከዚህ በሽታ የሚጠብቀን ነገር የለም፤ ሲጠብቀን የኖረው አበላላችንና የእግር መንገዳችን ነበር።

መጀመሪያ መቀነስ የሚያስፈልግዎ መሆኑን ያረጋግጡ። ቁመትዎን በሜትር ይለኩና በራሱ ያባዙት፤ ክብደትዎን በኪሎ ወስደው ለዚያ ውጤት ያካፍሉ። ከ25 በላይ ከሆነ ክብደትዎ ከሚገባው አልፏል፤ 30 ከደረሰ ሐኪሞች በሽታ የሚያስከትል ውፍረት ይሉታል። ከዚህ ጋር ወገብዎን በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ፤ ለሴት ከ88፣ ለወንድ ከ102 ሴንቲ ሜትር ማለፍ ለልብና ለስኳር በሽታ ያለውን ሥጋት በግልጽ ከፍ ያደርጋል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ የሚያከሳ ሕመም ያለበት፣ ከምግብ ጋር ጤናማ ያልሆነ ትግል የነበረበት ሰው ይህን መመሪያ በራሱ ሊከተል አይገባም። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ምግቡን ቀንሶ መድኃኒቱን ባለበት ከተወው ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ሐኪሙ መጠኑን ሳያስተካክልለት አይጀምር። ሳያስቡት ኪሎ እየቀነሱ ያሉ ከሆነም ደስ አይበልዎ፤ ይመርመሩ።

ቀጥሎ የራስዎን ቁጥር ያውጡ። በ1990 የታተመውና ሚፍሊን ሴንት ጆር የሚባለው ቀመር ሰውነት ተኝቶ ቢውል እንኳ የሚያቃጥለውን ካሎሪ በደህና ይገምታል። ክብደትን በ10፣ ቁመትን በሴንቲ ሜትር ወስዶ በ6.25 ማባዛትና ሁለቱን መደመር፣ ከድምሩ ላይ ዕድሜን በ5 አባዝቶ መቀነስ፣ በመጨረሻ ለወንድ 5 መደመር ወይም ለሴት 161 መቀነስ ነው። የ40 ዓመት፣ 80 ኪሎና 160 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት 1,439 ታገኛለች። ሥራዋ ተቀምጦ የሚሠራ ከሆነና ጥቂት የምትራመድ ከሆነ ይህን በ1.4 ስታባዛው በቀን የምታወጣው 2,015 ገደማ ይሆናል። ከዚህ ላይ 500 ብትቀንስ 1,500 ካሎሪ ይቀርላታል፤ ይህም በቂ ምግብ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ በቀን 500 ማጉደል በሳምንት ግማሽ ኪሎ ለማይሞላ ቅናሽ ያበቃል። ያለ ሐኪም ክትትል ሴት ከ1,200፣ ወንድ ከ1,500 በታች ባይወርዱ ይመከራል፤ ከዚያ በታች በሚቀርበው ጥቂት ምግብ ውስጥ ብረቱን፣ ካልሲየሙንና ፕሮቲኑን ማሟላት አስቸጋሪ ነው።

ምንም ሳይቀንሱ አንድ ሳምንት ይጻፉ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው። በ1992 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት «በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን አልቀነስንም» ያሉ ሰዎችን መርምሮ ነበር። ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ከሌላው ሰው ያነሰ አልነበረም፤ የሚበሉትን ግን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ 51 በመቶ አጋንነው ነበር የሚናገሩት። እነዚህ ሰዎች ውሸታሞች አልነበሩም። ሰው የሚያስታውሰው ተቀምጦ የበላውን ነው፤ ቆሞ የቀመሰውን፣ ከልጅ ሳሕን ላይ ያነሣውን፣ ከቡናው ጋር የዘገነውን ቆሎ፣ ቢሮ ውስጥ የጠጣውን ሻይ አያስታውስም። ስለዚህ በስልክዎ ላይ ወይም በትንሽ ደብተር ወደ አፍ የገባውን ሁሉ በገባበት ሰዓት ይጻፉ። ካሎሪውን በትክክል ማወቅ አይጠበቅብዎትም፤ ዝርዝሩ ራሱ ቀዳዳው የት እንዳለ ያሳይዎታል።

አሁን ወደ ዘይቱ። በጋራ ድስት የተሠራን ወጥ እያንዳንዱ ሰው ስንት ካሎሪ እንደበላበት መለካት አይቻልም የሚል መቃወሚያ አለ። በየጉርሻው አይቻልም፤ በየወሩ ግን በጣም ቀላል ነው። አዲስ የዘይት ጀሪካን ሲከፍቱ ቀኑን በላዩ ላይ ይጻፉ። አንድ ሊትር ዘይት 8,300 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ወደ 41,000 ካሎሪ ይዟል። አምስት ሰው ያለበት ቤት በ30 ቀን ከጨረሰው ለእያንዳንዱ በቀን 275 ካሎሪ ይደርሳል። አራት ሰው ያለበት ቤት በ3 ሳምንት ከጨረሰው 490 ነው፤ ለመቀነስ ያሰብነው 500 ሙሉ በሙሉ እዚያው ጀሪካን ውስጥ ነበር ማለት ነው። የቅቤውንም ዕቃ እንዲሁ ያድርጉ፤ ንጥር ቅቤ ከዘይት ጋር የሚቀራረብ ካሎሪ አለው። ከዚያ ግብዎን በቀን ሳይሆን በጀሪካን ያስቀምጡ፤ 3 ሳምንት ይቆይ የነበረው 6 ሳምንት እንዲቆይ።

እንዴት? ሽንኩርቱን በደቃቁ ይክተፉና ያለ ዘይት፣ በለሰለሰ እሳት፣ ድስቱን ከድነው ያቁላሉት። የራሱ ውሃ ያወጣል፤ መያዝ ሲጀምር ጥቂት ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጉ ያማስሉ። ቀልቶ ሲለሰልስ ብቻ ዘይቱን በማንኪያ ለክተው ይጨምሩ፤ ለአራት ሰው ወጥ ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። በርበሬውን በውሃ እያቁላሉ ማብሰልም ይቻላል። ቅቤ ካማረዎ ወጡ ሊወጣ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጣል ያድርጉበት፤ 45 ካሎሪ ብቻ ነው፣ ሽታውም ሳይጠፋ ማዕድ ይደርሳል። ጠርሙሱን ቀጥታ ድስት ላይ የማዘንበልን ልማድ ግን ይተዉ፤ ማንኪያውን ከጀሪካኑ ጋር አስረው ያስቀምጡት። «ዘይቱ ካልተንሳፈፈ ወጥ አይባልም» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ስለ መልኩ እውነታቸውን ነው። ጣዕሙን የሚሰጠው ግን በትዕግሥት የበሰለው ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በርበሬውና በመጨረሻ የሚነሰነሰው መከለሻ ነው። ምላስ ለውጡን ለመልመድ ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋልና በአንዴ በግማሽ ሳይሆን በየሳምንቱ አንድ ማንኪያ እየቀነሱ ይውረዱ። እንደ አዚፋና ስልጆ ያሉ፣ ከጥንትም በስናፍጭ እንጂ በዘይት ብዛት የማይጣፍጡ ምግቦችን ያዘውትሩ። ሳንቡሳን፣ ቦምቦሊኖን፣ ጨጨብሳንና ጭኮን ለበዓል ያቆዩ። ውጭ ሲበሉ ከጥብስና ከፍርፍር ይልቅ ምስር፣ ጎመን ወይም ፎሰሊያ ይዘዙ፤ «ዘይት ይቀነስልኝ» ማለትም አያሳፍርም።

ስለሚጠጣው የምንለው አጭር ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ 50 ካሎሪ አለው፤ በቀን አራት ብርጭቆ 200 ነው። 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ 125 ገደማ፣ አንድ ጠርሙስ ቢራ 140 ገደማ። ፈሳሽ ካሎሪ ረኃብን እምብዛም አይቀንስም፤ ሦስት ቢራ የጠጣ ሰው እራቱን አያሳንስም፣ እንዲያውም ጥሬ ሥጋና ጥብስ ይጨምርበታል። ስኳሩን በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፣ ለስላሳውን ይተዉ።

የእንጀራና የወጥ ድርሻን በተመለከተ፣ ከማዕዱ ሳይነጠሉ መወሰን ይቻላል። እንጀራዎን ከመቀመጥዎ በፊት ይለዩ፤ ለአንድ ጊዜ አንድ መካከለኛ እንጀራ ወይም የትልቁን ሁለት ሦስተኛ። ጭማሪ ሲያምርዎ ወጥና ጎመን ይጨምሩ እንጂ እንጀራ አይጨምሩ። የገበታውን ግማሽ በጎመን፣ በጥቅል ጎመን፣ በቀይ ሥርና በሰላጣ ይሙሉት። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽንብራና ሽሮ በየቀኑ ይኑሩ፤ ኪሎ ሲቀነስ ጡንቻም አብሮ ይቀንሳልና ፕሮቲኑ ያንን ያግዳል። ቅቤው ከወጣለት አሬራ የሚሠራው አይብና የተቀቀለ ዕንቁላልም ለዚህ ጥሩ ናቸው። መክሰስ ካስፈለገ ንፍሮ ከቆሎ ይሻላል። ያው ሽንብራ ሲቆላ በ100 ግራም ወደ 370፣ ሲቀቀል 165 ገደማ ካሎሪ አለው፤ ልዩነቱ ውሃው ነው፣ ሆድ የሚሞላውም ውሃው ነው። በተለይ በጭብጥ የሚዘገነው ኦቾሎኒ በ100 ግራም ከ560 በላይ ነውና እንደ ቀልድ አይታይ።

እዚህ ላይ ባህላችን ይነሣል። ውፍረት ምስጋና ነው፤ «ሞላ አልሽ፣ አማረብሽ» እንላለን፤ የቀነሰን ሰው «ምነው ከሳህ? አሞህ ነበር?» ብለን እናስደነግጣለን። «አፈር ስሆን ብላልኝ» የሚለውን ጉርሻ መመለስ ፍቅርን መመለስ ይመስላል። ለዚህም ነው ለብቻ በተሠራ የዳይት ምግብ ላይ የተመሠረተ ዕቅድ በእኛ ቤት የማይበረክተው። ለውጡ በድስቱ ውስጥ ከተደረገ ግን ማንም ሰው አይከፋውም፤ የሚጎረሱት ጉርሻም ከዚያው ዘይቱ ከተቀነሰለት ወጥ ነው። ወጡን የሚሠራው ሌላ ሰው ከሆነ ዕቅድዎን መጀመሪያ ማስረዳት ያለብዎት ለዚያ ሰው ነው፤ እናትዎ፣ ባለቤትዎ ወይም የቤት ሠራተኛዎ ያልተስማሙበት ዳይት የለም።

«እኔ ጿሚ ነኝ፤ ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴውን 55 ቀን፣ ፍልሰታውንም እጾማለሁ፤ ታዲያ ለምን አልቀነስኩም?» የሚል ብዙ ነው። ጾም ለነፍስ የተሠራ ሥርዓት ነው፤ ሥጋን፣ ወተትንና ዕንቁላልን ይከለክላል እንጂ ዘይትን አይከለክልም። ቅቤው የተተወበት ድስት ብዙ ጊዜ በእጥፍ ዘይት ይካሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየትም ሆነ በረመዳን ቀኑን ሙሉ መጾም የሚያቀንሰው ጾሙ በሚፈታበት ወይም በኢፍጣሩ ሰዓት የጎደለው ካልተተካ ነው፤ በተጠበሰ ሳንቡሳና በጣፋጭ ጭማቂ ከተተካ ሒሳቡ ዜሮ ይሆናል። በ2017 የታተመ፣ 100 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ቀን አሳልፈው የሚጾሙትን በየቀኑ ጥቂት ከሚቀንሱት ጋር ለአንድ ዓመት አነጻጽሮ በክብደታቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። የሚጾሙ ከሆነ ጾሙን በደስታ ይጠቀሙበት፤ ማንኪያውን ግን አይርሱ።

ሌላው መቃወሚያ ከሳይንስ ወገን ይመጣል፤ «ዋናው ካሎሪ ሳይሆን ካርቦሃይድሬት ነው» ይላል። ይህ በሚገባ ተፈትኗል። በ2009 የወጣ፣ 811 ሰዎችን በአራት ዓይነት አመጋገብ ለሁለት ዓመት የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት የስቡ፣ የፕሮቲኑና የካርቦሃይድሬቱ ድርሻ ቢለያይም ቅናሹ ተመሳሳይ ሆኖ አግኝቶታል። በ2018 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 609 ሰዎችን ስብ ከሚቀንሱና ካርቦሃይድሬት ከሚቀንሱ ከፍለው ከዓመት በኋላ ሲመዝኗቸው የመጀመሪያዎቹ 5.3፣ ሁለተኛዎቹ 6 ኪሎ ቀንሰው ነበር፤ ከቁም ነገር የሚገባ ልዩነት አይደለም። ታዲያ ዘይትን ለምን እንመርጣለን ቢሉ፣ ዘይት ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ በእኛ ማዕድ ላይ ያለ ረኃብ ሊቀነስ የሚችለው ትልቁ ካሎሪ እሱ ስለሆነ ነው። የእርስዎ ደብተር ትልቁ ቀዳዳ ዳቦ ወይም ቢራ መሆኑን ካሳየ ከዚያ ይጀምሩ።

«ለምን በቀን 800 በልቼ በሁለት ወር አልገላገልም?» ለሚለው መልሱ ሁለት ገጽ አለው። በብሪታንያ ዳይሬክት በተባለው ጥናት ስኳር በሽተኞች ለሦስት እስከ አምስት ወር በቀን 850 ካሎሪ ገደማ የሚሰጥ የተዘጋጀ ፈሳሽ ምግብ ብቻ ወስደው ከዓመት በኋላ 46 በመቶዎቹ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታ ደረጃ በታች ወርዷል። ትልቅ ውጤት ነው። ነገር ግን ቫይታሚኑና ማዕድኑ የተሟላ ምግብ ነበራቸው፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒታቸው በመጀመሪያው ቀን ተቋርጦላቸዋል፣ የጤና ባለሙያም ይከታተላቸው ነበር። ይህ በሌለበት ያንኑ በሻይና በብርቱካን መሞከር ሌላ ነገር ነው። በ1944 እና 45 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ 36 ጤነኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር በቀን 1,600 ካሎሪ ገደማ እየመገበ ያስራመዳቸው ነበር። ሩብ ያህል ክብደታቸውን አጡ፤ ይበርዳቸው፣ ይከፋቸው ጀመር፤ ቀንና ሌሊት የሚያስቡት ምግብ ብቻ ሆነ። ሲፈቀድላቸው መጥገብ አቃታቸው። ሲጀምሩ ወፍራሞች ስላልነበሩ ልኩን በቀጥታ መውሰድ አይገባም፤ ሰውነት ለድንገተኛ ጉድለት የሚሰጠውን ምላሽ ግን ከዚህ የበለጠ ያሳየ ጥናት ጥቂት ነው። ፈጣን ቅናሽ የሐሞት ጠጠርም ያመጣል። በየገበያው ቦርጭ ያጠፋል እየተባለ የሚሸጠው ሻይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው፤ የሚያወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም።

እንቅስቃሴን በልኩ ይመኑት። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት በደህና እርምጃ ቢሄድ 300 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል፤ ሁለት ማንኪያ ተኩል ዘይት ነው። ድስቱን ሳይነኩ በእግር ብቻ ማካካስ ስለዚህ ከባድ ነው። ጡንቻን ለመጠበቅና የተቀነሰው እንዳይመለስ ለማድረግ ግን ምትክ የለውም። በሳምንት 150 ደቂቃ ይራመዱ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያሠራ ነገር ያክሉ፤ ደረጃ መውጣትም ይቆጠራል።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላና ከቁርስ በፊት ይመዘኑ። ጨው፣ የወር አበባና የሆድ ድርቀት ሚዛኑን በአንድና በሁለት ኪሎ ሊያወጡት ሊያወርዱት ስለሚችሉ በአንድ ቀን ቁጥር አይፍረዱ፤ የአራት ሳምንቱን አዝማሚያ ይዩ። የመጀመሪያው ግብዎ ከክብደትዎ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይሁን። በ2002 የወጣውና 3,234 ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት፣ 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የታቀደላቸው ሰዎች ወደ ስኳር በሽታ የመሸጋገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ሜትፎርሚን የተሰጣቸው በ31 በመቶ። ለ80 ኪሎዋ ሴት ይህ 6 ኪሎ የማይሞላ ነው፤ የሠርግ ፎቶዋን ባይመልስላትም ቆሽቷንና ልቧን ያሳርፋል።

አንድ ቦታ ላይ ሚዛኑ ይቆማል። ያነሰ ሰውነት ያነሰ ካሎሪ ነው የሚያቃጥለው፤ ያቺ ሴት 74 ኪሎ ስትደርስ በቀን የምታወጣው ከ2,015 ወደ 1,930 ወርዷል። ከዚህም ሌላ ሰውነት ጥቂት ተጨማሪ ቁጠባ ያደርጋል። በአሜሪካው የቢገስት ሉዘር የክብደት ቅነሳ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ሰውነታቸው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል አሳንሶ ያቃጥል ነበር። ይህን ሰምቶ «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» ማለት አይገባም፤ እነሱ በሠላሳ ሳምንት በአማካይ 58 ኪሎ የቀነሱ ናቸው፤ በዝግታ 6 ኪሎ የቀነሰ ሰው የሚገጥመው ቁጠባ በጣም ያንሳል። አራት ሳምንት ሙሉ ካልቀነሱ ቀመሩን በአዲሱ ክብደትዎ ያስሉ፣ አንድ ሳምንት እንደገና ይጻፉ፤ ብዙውን ጊዜ ማንኪያው ሳይታወቅ ጨምሮ ይገኛል። ግብዎ ላይ ሲደርሱ የቀነሱትን ሁሉ በአንድ ቀን አይመልሱ። በየሁለት ሳምንቱ 100 ካሎሪ ያህል፣ ያውም በእንጀራና በጥራጥሬ ይጨምሩ፤ ሚዛኑ መውረዱን ሲያቆም እዚያው ይጽኑ። ከዚያ በኋላ ሳምንታዊ ምዘናውን አይተዉ፤ ከደረሱበት ክብደት ሁለት ኪሎ ጨምረው ሁለት ሳምንት ከቆዩ፣ ስድስት ኪሎ እስኪሆን ሳይጠብቁ ደብተሩን ያውጡ።